አራት ሰው ሲቀር

እሑድ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሮይስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የልጁን ስም መፈለግ ጀመረ። ውጭ ይዘንባል። አንዲት የአውስትራሊያ ደሴት ላይ ባለችው በርኒ ከተማ ክረምቱ ሲገባም ዝናብ ነው፣ ሲወጣም ዝናብ ነው፤ ሮይስ የጣሪያውን ጫጫታ መስማት ካቆመ ቆይቷል።

ልጁ ኬሪን ትባላለች። በዚያ ካርታ በሚጫወቱበት ድረ ገጽ ላይ ግን ስሟ «ትንሿ ፔንግዊን» ነው። ስሙን ያወጣላት ራሱ ነው። በልጅነቷ ፔንግዊኖቹ ማታ ማታ ከባሕር ወጥተው ወደ ጎጇቸው ሲንጎማለሉ ካላየሁ አልተኛም እያለች በጭቃ ጫማዋ መኪናው ውስጥ ገብታ ትቀመጥበት ነበር። የእሱ ስም ደግሞ «ወረቀት ሠሪ» ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ ስሙን የሚቀይርበት ምክንያት ግን አልታየውም። ሰውየው እንዲህ ነው። አንድ ቦታ ከተቀመጠ የሚያስነሳው የለም።

ስሟን አገኘው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘጠኙ ወንበር እስኪሞላ ሦስት ሰው ቀርቷል። ሮይስ አምስት ዶላሩን ከፍሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ጠረጴዛው እስኪሞላ ድረስ መውጣት ይቻላል፤ ስሙን አይታ ብድግ ልትል ትችላለች። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በየእሑዱ የሚፈራው ይህንኑ ነው። አንድም ቀን ግን ተነሥታበት አታውቅም። አንድም ቀን ደግሞ አንዲት ቃል ጽፋለት አታውቅም፣ እሱም አልጻፈላትም። ዘጠኝ ሰው መሀል ተቀምጠው ካርታ ይጥላሉ፣ ሲያልቅ ይሄዳሉ።

«ዛሬም አለች?» አለች ቫል ከበሩ ላይ። ቫል የሟች ሚስቱ የግሌኒስ ታናሽ እህት ናት። ሁለት መንገድ አልፋ ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ የዱባ ሾርባዋን በድስት ይዛ ትመጣና ሳሎን ተቀምጣ ኳሱ በእጅም የሚያዝበትን የአገራቸውን እግር ኳስ ታያለች።

«አለች።»

«እንግዲህ ዛሬ የመጨረሻህ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ ተዘግቷል አይደል ያልከኝ? አዲሱ ሕግ?»

«የአውስትራሊያን ሰው አያስገቡም አሉ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ቁጭ ብለህ? ጻፍላት!»

«እጽፋለሁ።»

«መቼ? ረቡዕ?»

«ቫል፣ ሾርባሽ እንዳያርብሽ።»

«ሾርባዬ አያርብኝም፤ የምታርረው አንተ ነህ» አለችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «ስማ ሮይስ። አድራሻዋን ስጪኝ ብለህ ደግሞ አትለምነኝ። መሐላ አስምላኛለች። ደብዳቤ ይዘሽልኝ ከመጣሽ አንቺንም እተውሻለሁ ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ ከእህቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ያለህ ይቺ ጨዋታው ላይ የምትጻጻፉባት ሳጥን ናት። ከፈለግህ በእሷ ተናገር፣ ካልፈለግህ ዝም ብለህ ሙት።» ሳሎን ገብታ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው።

ዘጠነኛው ሰው ተቀመጠና ጨዋታው ተጀመረ።

ኬሪንን ይህን ጨዋታ ያስተማራት ራሱ ሮይስ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ አንድ ክረምት ሙሉ ቤት በዋለችበት ጊዜ፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ። ነገሩ ቀላል ነው። ለዘጠኙም ሰው መወራረጃ የሚሆን እኩል ጠጠር ይታደላል። በየዙሩ ለሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይሰጣል፣ አምስት ደግሞ ለሁሉም በጋራ ይገለጣል፤ በካርታው የተማመነ ጠጠር ያስይዛል፣ ያልተማመነ ካርታውን ይጥላል። ጠጠሩ ያለቀበት ይወጣል። ሽልማት የሚያገኙት የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች ናቸው። አራተኛ ሆኖ የወጣ አንድ ሰዓት ለፍቶ ባዶ እጁን ይሄዳል።

«ይሄንንም ልጣለው?» ትለው ነበር።

«ጣይው።»

«አባዬ ንግሥት እኮ ናት!»

«ንግሥት ብቻዋን ምን ትሠራለች? ጣያት።»

«እንዲህ ከሆነ መቼ ነው የምንጫወተው?»

«እየተጫወትን ነው። መጀመሪያ ላይ ቸኳዮቹ ይበላሉ፤ እኛ ሻያችንን እንጠጣለን።»

ግሌኒስ ከምድጃው ዞር ብላ «አየሽ፣ አባትሽ ሥራ መፍታትን ሙያ አደረገው» ትላለች፣ ሦስቱም ይስቃሉ።

ቀሪውንም አስተማራት። ተጫዋቹ በየተራ የሚከፍለው የግዴታ መዋጮ አለ፤ በየአሥር ደቂቃው ያድጋል። ጠጠርሽ ከመዋጮው አሥር እጥፍ ካነሰ መቅለስለስ የለም፤ ወይ ያለሽን በሙሉ ትገፊያለሽ ወይ ካርታሽን ትጥያለሽ። ለመግፋት መካከለኛ ካርታ ይበቃል፣ ሌላው ፈርቶ ሊተውልሽ ይችላልና። የተገፋብሽን ለመቀበል ግን ጠንካራ ካርታ ይዘሽ መሆን አለበት። አራት ሰው ሲቀር ደግሞ ብዙ ጠጠር ያለው ይገፋል፣ ሌላው ይጠብቃል፤ ከአንቺ የባሰበት ሰው እያለ አትንቀሳቀሺ። ጠብቂ። ከዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ ሮይስ እጅግ የሚወዳት ቃል ይህችው «ጠብቂ» ነበረች። ሌላም ደንብ ነበራቸው፤ የአንድ ቤት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ እርስ በርስ መረዳዳት ይመጣል፣ መረዳዳት ደግሞ እዚህ ሌብነት ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ ያፈረሰው ሌላ የሚያገኛት ቦታ ስላጣ ነው።

ግሌኒስ የታመመችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሐኪሙ ሜልበርን ይውሰዷት፣ ቶሎ ይሁን አለው። ባሕሩን መሻገር ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሮይስ ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን አለ። ፋሲካ አለፈ። ይህ ዝናብ ትንሽ ያባራ አለ። ኬሪን ከምትሠራበት ሆባርት እየደወለች ትጮህበታለች፣ እሱ ደግሞ ተረጋጊ ይላታል። ዛሬ ነገ ሲል ክረምቱ ሳይወጣ ግሌኒስ ሞተች።

በቀብሩ ዕለት ማታ ኬሪን ሳህን እያጠበች ነበር። ዞር ሳትል ነው የተናገረችው።

«እናቴን እንደ ካርታ ጣልካት።»

«አልቸኮልኩም እንጂ አልጣልኳትም» አላት። «ሰው መታገሥ አለበት።» ይህንን ነው ያላት፣ ሳህኑ ከእጇ ሳይወርድ። ኬሪን እጇን በፎጣው አደረቀች፣ ሻንጣዋን አነሣች፣ ሄደች። ስልኳን ቀየረች፣ ሥራዋን ለቃ ከደሴቲቱም ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሮይስ የልጁን ድምፅ አልሰማም። ቁጭቱ ሌሊት ቢቀሰቅሰውም የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ በር አልዘጋሁባትም፣ የምኖርበትን ታውቃለች፣ መጀመሪያ መናገር ያለባት እሷ ናት። እንዲህ እያለ ከረመ። ከዚያ አንድ እሑድ ስሟን አንድ ጠረጴዛ ላይ አየው።

አሁን ከኮምፒውተሩ ጎን አንድ የቀን መቁጠሪያ ቅጠል ተገልብጦ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ በእርሳስ የጻፈው አለ። ዐሥር ቀን ፈጅቶበት አምስት መስመር ነው። እሱን ወደ መጻፊያዋ ሳጥን መገልበጥ ብቻ ነው የቀረው። ግን ዘጠኝ ሰው አለ። ሰባት የማያውቃቸው ሰዎች እያነበቡት? ትንሽ ይቀንሱ አለ ሮይስ ለራሱ። ስድስት ስንሆን።

ጨዋታው እንደ ሁልጊዜው ሄደ። ቸኳዮቹ እርስ በርስ ተበላሉ። ሁለቱ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወጡ። «የዳርዊን አዞ» የሚባል አንድ አፈኛ ሰው የመጻፊያ ሳጥኗን በቀልድ ሞላት።

«ወረቀት ሠሪ፣ ነፍስህ አለች? ሃያ ጊዜ ስትጥል ቆጠርኩ።»

«አለሁ» ብሎ ጻፈ ሮይስ በሁለት ጣቱ።

«እኔማ ቤተሰብ ልጠራልህ ነበር።»

ሮይስ ይህን ሲያነብ ዓይኑ ወደ ትንሿ ፔንግዊን ሄደ። እሷ ካርታዋን ጣለች፣ ቶሎ፣ ሳታስብ። ሮይስ ልጁን በአጣጣሏ ያውቃታል። የተረጋጋች ቀን ትቆያለች፣ አስባ ነው የምትጥለው። ያልተረጋጋች ቀን ግን እንዲህ ጣል ጣል ታደርጋለች። ባለፈው ዓመት የእናቷ ሙት ዓመት ዕለትም እንዲህ ነበረች። እሱም ያን ዕለት እንደዚሁ ነበር፤ ሁለቱም ቶሎ ተሸንፈው ወጡ። ስለዚህ ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ታውቃለች ማለት ነው። የመጨረሻው እሑድ መሆኑን ታውቃለች፣ እያወቀችም መጥታለች። ይህን ሲያስብ ሮይስ ዓይኑ እንባ ቋጠረ፤ ደስ አለው፣ ወዲያውም ፈራ።

ስድስት ሆኑ። ቅጠሉን አነሣ፣ አስቀመጠው። አምስት ስንሆን ይሻላል አለ። አንድ ትልቅ ካርታ ገባለት፣ የአንዱን ሰው ጠጠር ጠቅልሎ ወሰደ፤ አምስት ሆኑ። ሳሎን ቫል «ኧረ ምታው! ምን ያቅፈዋል!» እያለች ተጫዋቾቹን ትሳደባለች። አራት ሆኑ።

አራት ሰው ሲቀር ጠረጴዛው ይጨንቃል። አንዱ ባዶ እጁን ሊወጣ ነው፣ ሁሉም ያ ሰው እኔ ባልሆን ይላል። ሮይስ ብዙ ጠጠር አለው። አዞውና «ቡናማው ውሻ» የሚባል ሌላ ሰው መካከለኛ ናቸው። ኬሪን ከሁሉ ታንሳለች። መዋጮው አድጓል፣ የቀራት ስድስት እጥፉን አይሞላም።

አሁን ነው አለ። እጁን ወደ ፊደሎቹ ላከ። «ኬሪን» ብሎ ጻፈ፣ ግን መጻፊያው ውስጥ ተወው፣ አልላከውም። ተራው እየደረሰ ነበር። ይህቺን ዙር ላሳልፍና በደንብ አድርጌ እጽፋለሁ አለ። ካርታው ተከፈለ። ጥንድ ዘጠኝ ገባለት። አዞው ጣለ፣ ውሻው ጣለ። ከዚያ አንድ ሰው ያለውን ሁሉ ገፋ።

የሮይስ ጣት ከሮይስ ቀደመ። ሃያ ዓመት የለመደ ጣት ነው፤ ትንሽ ጠጠር ያለው ሰው ገፍቷል፣ እኔ ብዙ አለኝ፣ ጥንድ ዘጠኝ ይዣለሁ፣ ተቀበል። የገፋው ማን እንደሆነ ያነበበው «ተቀበል» የሚለውን ከነካ በኋላ ነው።

ትንሿ ፔንግዊን ካርታዋን ገለጠች። ንጉሥና ስምንት። በትክክል እንዳስተማራት ነው የገፋችው። እሱም በትክክል ነው የተቀበለው። ማንም የጨዋታው አዋቂ ቢጠየቅ ሁለታችሁም ደግ አደረጋችሁ ነው የሚለው። አምስቱ የጋራ ካርታዎች አንድ በአንድ ተገለጡ፤ ሮይስ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ንጉሥ! ንጉሥ!» እያለ በራሱ ላይ ይለምናል። ንጉሥ አልመጣም። ስምንትም አልመጣም። ጠጠሯ ተንሸራቶ ወደ እሱ ክምር መጣና ወንበሯ ባዶ ሆነ።

«አየኸው ሽማግሌውን! ተኝቶ ተኝቶ አንበሳ ሆነ» ብሎ ጻፈ አዞው።

የወጣ ሰው ጠረጴዛው ላይ መጻፍ አይችልም። ከፈለገ ተቀምጦ ማየትና የሚጻፈውን ማንበብ ግን ይችላል። ማን እንደሚያይ ለማወቅ ጥግ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት መንካት ነው። ሮይስ ነካት። አንድ ስም ብቻ ነበር። ትንሿ ፔንግዊን።

አልሄደችም። አራተኛ ወጥታ፣ በገዛ አባቷ ተባርራ፣ አልሄደችም። እሱ የሚለውን ልትሰማ ተቀምጣለች። ሌላ ምን ትጠብቃለች?

እዚህ ላይ ማንም ልብ ያለው ሰው ካርታውን ትቶ ይጽፋል። ሮይስ ግን ተራው ደረሰበትና ማሽኑ የማሰቢያውን አሥራ አምስት ሰከንድ መቁጠር ጀመረ፤ ጥሩ ካርታ ነበር፣ ገፋ፣ ወሰደ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ተራ። ቡናማው ውሻ ሊወጣ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው፣ እሱ ይውጣና ሁለት ብቻ ስንሆን ይሻላል፣ አንድ ሰው ቢያነበው ምን ይለኛል አለ። ውሻው ግን ቶሎ የሚወጣ አልሆነም። ተንጠላጠለ። ዐሥር ደቂቃ ሄደ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። በመጨረሻ አዞው በላው።

ሁለት ቀሩ። ሮይስ ቅጠሉን ፊቱ አስደገፈ። መጻፊያው ውስጥ የቀረችውን «ኬሪን» ላካት።

«ኬሪን ማናት?» አለ አዞው።

«ልጄ ናት። ቅድም የወጣችው። እያየችን ነው።»

«ልጅህን ነው እንዴ ያባረርካት? አንተ ጨካኝ!»

«ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። ዛሬ መዝጊያው ነው፣ ሌላ የማገኝበት ቦታ የለኝም። የምላት ነገር ነበረኝ።»

አዞው ካርታ ለማሰብ ሰው ከሚቆየው በላይ ቆየ።

«እሺ አባቴ፣ ጻፍ» አለ በመጨረሻ። «እኔ የደረሰኝን ሁሉ እጥላለሁ፣ አንተም ጣል። ጠጠሩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል እንጂ ማንም አይጎዳም። በርታ።»

ሁለት ሰው ተስማምቶ ሲጫወት ሌብነት ነው። ሮይስ ዕድሜ ልኩን አድርጎት አያውቅም። «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ጻፈና ጀመረ። በሁለት ጣት፣ እየጣለ፣ እየጻፈ፣ እየጣለ።

«ሐኪሙ እናትሽን ቶሎ ሜልበርን ውሰዳት ብሎኝ ነበር።»

«እኔ ከፋሲካ በኋላ አልኩ። ቀጥሎ ዝናቡ ያባራ አልኩ።»

«አንቺ እንደ ካርታ ጣልካት አልሽኝ። እኔ ትዕግሥት ነው አልኩሽ።»

እዚህ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሕዝቡ ይጮኻል። ቅጠሉ ላይ የቀሩት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ ዐሥሩን ቀን ሁሉ የፈጁበትም እነሱ ናቸው።

«ትዕግሥት አልነበረም። ፈርቼ ነው። እዚያ ሄደን አልቋል ቢሉንስ ብዬ ነው የፈራሁት። ካልሄድን ማንም አልቋል አይለንም።»

«እናትሽ መሄድ ፈልጋ ነበር። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። አሁንም አልጋው ሥር ነው፤ አልከፈትኩትም። ይቅር በይኝ።»

ላከው። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ከትከሻው ላይ አንድ ነገር የወረደለት መሰለው፤ ለሦስት ዓመት እንዲህ ተንፍሶ አያውቅም ነበር። ያቺን የዓይን ምልክት እንደገና መንካት ግን አልደፈረም።

«አዞ» ብሎ ጻፈ። «እስቲ አንተ እይልኝ። አለች?»

መልሱ ዘገየ።

«አባቴ፣ አትቀየመኝ» አለ አዞው። «ገና ልጄ ናት ስትለኝ ከፍቼ አይቼ ነበር። ማንም አልነበረም። እንድትጨርሰው ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

ሮይስ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ቅድም ነበረች» ብሎ ጻፈ። «እኔ ራሴ አይቻታለሁ።»

«ይሆናል። ውሻው ሲያስቸግረን ጊዜ ወጥታ ይሆናል። ሰው ስንት ይጠብቃል?» አዞው ጨመረ፤ «አንደኛነቱን ውሰደው። እኔ ልሂድ። ደህና ሁን ወረቀት ሠሪ።»

ሄደ። ወንበሩ ላይ ስሙ አለ፤ ሰውየው ግን የለም፣ ተራው ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ካርታውን ይጥልለታል። ሮይስ ሁለት ሦስቴ ቢገፋ ያሸንፋል። ካሸነፈ ግን ጠረጴዛው ይዘጋል፣ ጠረጴዛው ከተዘጋ የጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ምናልባት ትመለስ ይሆናል። ስልክ ተደውሎላት፣ ውሃ ልትጠጣ፣ በር ተንኳኩቶባት ወጥታ ይሆናል። ተመልሳ ታነበው ይሆናል። ስለዚህ እሱም መጣል ጀመረ። ማሽኑ ይጥላል፣ ሮይስ ይጥላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንድ አስ ገባለትና ጣለው። ደንቡን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ጥንድ አስ ሲጥል ማየት ያሳዝናል። የዓይን ምልክቷን አሥር ጊዜ ነካት። ባዶ ናት።

ግን ይህም ጨዋታ መጠበቅን የሚፈቅደው እስከ ልክ ነው። መዋጮው በየአሥር ደቂቃው እያደገ፣ እያደገ ይሄድና ሰውየው ካለው ጠጠር ይበልጣል። ከዚያ በኋላ መጣል የሚባል ነገር የለም፤ ወደድክም ጠላህም ያለህ በሙሉ መሀል ይገባል።

ቫል በእጇ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። «ተሸነፍን» አለች። «እንደ ልማዳችን። ሾርባህን ጠጣ። አንተስ? ጻፍክላት?»

«ጻፍኩ።»

«አትለኝም!» ሳህኑን አስቀምጣ መነጽሯን ከደረት ኪሷ አወጣች። «መለሰችልህ?»

«ሄዳለች።»

ቫል ትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ቀስ እያለች፣ በጣቷ መስመሩን ስክሪኑ ላይ እየተከተለች። ግሌኒስም እንዲህ ነበር የምታነበው። ሮይስ ሰዓቱን አየ። መዋጮው አደገ። ካርታው ራሱ ተከፈለ፣ ራሱ ተገለጠ፣ ጠጠሩ ሁሉ ወደ እሱ መጣ። ጠረጴዛው ጥፍት አለና አንድ ወርቃማ ዋንጫ መሀል ላይ ብቅ አለ፤ እንኳን ደስ ያለህ፣ አንደኛ ወጥተሃል።

«ምነው! ምን ነካህ፣ እያነበብኩ እኮ ነው!» አለች ቫል።

«እኔ አይደለሁም። አለቀ።»

«መልሰው።»

«አይመለስም።»

ቫል መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ ተለዋውጧል። ለሦስት ዓመት እሑድ እሑድ ሾርባ ስታመጣለት አንድም ቀን ስለዚያ ክረምት ጠይቃው አታውቅም ነበር። እህቷ ናት የሞተችው።

«እኔ ትዕግሥት ነው አልኩሽ የሚለው ጋ ነው የደረስኩት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከዚያስ? ከዚያ ምን አልካት ሮይስ?»

ሮይስ አፉን ከፈተ። ቃሉን ያውቀዋል፣ ቅጠሉም እዚያው ፊቱ አለ፣ በእርሳስ ተጽፎ። ቫል ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ጠበቀችው። ዝናቡ በርትቷል። ከኮሪደሩ ማዶ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ የአልጋው እግር ይታያል።

ሮይስ ቅጠሉን አነሣ፣ ለሁለት አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

«እሑድ ስትመጪ እነግርሻለሁ» አላት።